ስንት ጊዜ ተሰማሽ?

በቪጎ ዝናቡ ወደ ታች አይወርድም፣
ከባሕር ተነስቶ ይመጣል በአግድም።
ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣
ብልቃጧን ጨብጫለሁ፣ እንደ ጫጩት፣ ላሞቃት።
ብርድ የያዘው መድኃኒት ሥጋ ውስጥ ሲገባ
ሰላምታ አያውቅም፣ ሰባሪ ነው፣ ሌባ።

ኡሺያ ተኝታለች፣ እጇ በጎን ተዘርግቶ፣
ሌባ ጣቷ ብቻ አልታጠፍ ብሎ ቀርቶ።
የሰርዲን ራስ ስትቀላ፣ ዓርብ፣ ሊያልቅ ሲል ፈረቃ፣
ቢላዋው ተንሸራቶ ጅማቷ ላይ አበቃ።

«ቢላዋ አልፈራም» አለችኝ፣ «እኔና እሱ አብረን ነው ያረጀነው።
የምፈራው መርፌውን ነው።
የዛሬ ሃያ ዓመት ግራ እጄን ሲከፍቱት፣
ክንዴን በቀበቶ እስኪጠቁር አንቀውት፣
መርፌውን ባንድ ትንፋሽ ገፍተው ሲጨርሱት፣
የሐኪሙን እናት ጠርቼ ነበር፤ ለጸሎት አይደለም።»

ብራይስ ወጣት ነው። ጺሙ ገና አልወሰነም።
ከኋላው ዶክተር ኦውቴይራል፣ እጇን አጣምራ፣
ታየዋለች እንጂ አትነካም የሱን ሥራ።
ሕጉ የእሷ ነው፦ ፈታኟ ታካሚዋ፣ ተፈታኙ ሐኪሙ፤
መርፌው በተሰማሽ ቁጥር ተናገሪ፣ ይጻፋል ከነስሙ።
ሰሌዳው የእኔ ነው። ቆጣሪዋ እኔ ነኝ።

ሊዶካይን ጎምዛዛ ነው፣ ለዚህ ነው የሚያቃጥለው፤
አሥር እጅ ከእሱ፣ አንድ እጅ ከሶዳ ቀላቅለን አለዘብነው።
መርፌዋ ከቅንድብ ጠጉር ትቀጥናለች።
ቆዳዋን ቆንጠጥ አደረገ፤ ቁንጥጫው ወሬ ሲያወራ
መርፌዋ ቀጥ ብላ ገባች፣ ሳትታይ፣ ሳትጠራ።

«አንድ» አለች ኡሺያ።
ጻፍኩ።

ከዚያ ቆመ። አንዲት ጠብታ ሰጥቶ ቆመ።
«አትሩጥ» አለችው መምህሯ፣ «ጠብቅ፣ ገና ነው፤
ያልደነዘዘ ሥጋ የሚረግጥ መርፌ ባለጌ ነው።
መድኃኒቱ ይቅደም፣ መርፌው ይከተል በዝግታ፣
ፋኖስ ያዡን እንደሚከተል መንገደኛ፣ በማያውቀው ቦታ።»

አምስት ደቂቃ ፈጀ። ዝናቡ መስኮቱን ደበደበው።
«ሁለትስ?» አልኳት።
«የምን ሁለት? ጀመረ እንዴ ሰውየው?»

ቆዳዋ ነጣ፤ ደሙ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤
ክንድ የሚያንቅ ቀበቶ ዛሬ አልተፈለገ።
ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ስለ ልጇ ሠርግ አወራችን፣
ስለ ሙሽራው እናት ኮፍያ፣ እስኪያመን ድረስ ሆዳችን።
በእኔ ቋንቋ ማደንዘዣ ነው፤ ቢላዋም፣ ሰውም ደነዝ ይባላል፤
እዚህ ግን ጣቷ ብቻ ደነዘ፣ ምላሷ ያው ይቆርጣል።

ብራይስ ከፈተ። የተበጠሰውን ፈልጎ ሰፋ።
«እስቲ እጠፊው» አላት፣ ድምፁ ሊጠፋ።
ቀና ብላ አየች፦ ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣
እንደ ሰርዲን ሆድ፣ ውስጧ ሲንሸራተት።
«ሃያ ስምንት ዓመት ስንቱን ዓሣ ከፈትኩ» አለች ቀስ ብላ፣
«የራሴን ግን ገና ዛሬ።»

ጣቷ ታጠፈና መንገድ ላይ ያዝ አደረገው።
ስፌቱ ጎርብጦ ከዋሻው ጠርዝ ላይ አቆመው።
እንቅልፍ ወስዷት ቢሆን ማን ይነግረው ነበር?
በስድስት ሳምንቱ፣ ጣቷ ደርቆ ሲቀር?
ፈታው። ደግሞ ሰፋው።
«እጠፊው።»
ታጠፈ፤
ከመዳፏ ደረሰ፣ በሩን ሳይነካ አለፈ።

እጅ መስጠት በእኛ አገር መሸነፍ ነበር ፍቺው፤
እሷ እጇን ሰጠች፣ ደግሞም እሷው ነበረች አዛዡ፣ እሷው መርማሪው።

ፋሻውን ስጠቀልል ሰሌዳውን በአገጯ አሳየችኝ።
«ያቺ አንዷ» አለች፣ «ከፍርሃት ይሁን ከመርፌው አልገባኝም፤ ሳይነካኝም ብያት ይሆናል።»
«ላጥፋት?»
ብራይስን አየችው፤ ግንባሩን በክንዱ ይጠርጋል።
«ተያት። ለሚቀጥለው ሰው ዜሮ ይፈልግላት።»

ኪሴ ውስጥ ገባሁ። ሁለተኛዋ ብልቃጥ
ሞቃለች።